የጠመኔው ቀስት

«ዛሬ ምነው ጸሎቱ አጠረ?» አለች ታላቅ እህቷ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ።

ታናሺቱ ኮቷን ከማንጠልጠያው አነሣች። ታናሽ መባሏ ለወጉ ነው እንጂ ሃምሳ ሦስት ዓመት ሞልቷታል። እህትማማቾቹ የሚኖሩባት አንዲት ክፍል መሃሏ በመጋረጃ ተከፍላለች፤ በመስኮቱ በኩል እታለም፣ ማለትም ታላቂቱ፣ በበሩ በኩል እሷ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ጎህ ሲቀድ ትነሣለች፣ ማንቆርቆሪያውን ትጥዳለች፣ ውሃው እስኪፈላ ተንበርክካ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጸልያለች። ከቤተ ክርስቲያኗ ትጀምርና ወደ ሰፈሩ ትወርዳለች። ማን እንደሚጠጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ የማን ልጅ አምሽቶ እንደሚገባ፣ ስሙን ከነጥፋቱ ትጠራለች፤ አንድም አይቀራት። መጨረሻ ላይ «የእህቴንም ደንዳና ልብ አለስልስልኝ» ትላለች። እታለም ታዲያ የገዛ ክሷ በየማለዳው ለፈጣሪ ሲነበብ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ታዳምጣለች። ስለ ሽንኩርት መወደድ፣ ስለ በሩ ሲጥ ሲጥ ማለት ያወራሉ፤ ስለዚህ ነገር ግን ተነጋግረው አያውቁም። ዛሬ ማንቆርቆሪያው ገና ድምፅ ሳያሰማ «ጌታ ሆይ፣ ቀድሰኝ» አለችና ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ጠፋት። ብትጠብቀው እንቢ አላት። ተነሣች።

«አሞሻል እንዴ?»

«አላመመኝም። ቶሎ መግባት ስላለብኝ ነው።»

አላመማትም፣ እውነቷን ነው። ያልተናገረችው ትናንት ከሥራ መውጫ ላይ በጆሮዋ የገባውን ነው። የምትሠራው መጋረጃ በሚሰፋበት ቤት ነው፤ ስድስት የስፌት መኪና፣ አንድ የእንፋሎት ካውያ፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ። መኪኖቹ የሰፊዎቹ ናቸው፣ ጠረጴዛው የእሷ። ጨርቅ ሁሉ በእጇ ሳያልፍ መኪና ላይ አይወጣም። እትዬ ነው የሚሏት። ትናንት የተረፈውን ጣቃ ልታስቀምጥ ወደ ማከማቻው እንደገባች፣ ቤቱን ከአባቱ የወረሰው ሰውዬ፣ ሁሉም አለቃ የሚለው፣ ከውጭ እየጮኸ መጣ። የቀሩት ሰፊዎች ወጥተዋል፤ መኪናዋን እየጠረገች የቀረችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ድምፅዋ ብዙ ስለማይሰማ «ዝምታ» የሚሏት ልጅ።

«አራት መጋረጃ ሰቅለን ሦስቱ ቀይ፣ አራተኛው ጥቁር! የአዳራሹ ባለቤት በእንግዶቹ ፊት ሳቀብኝ እኮ! የሁለተኛውንም አዳራሽ ሥራ ለሌላ ሰጠብኝ። ምን ነክቶሽ ነው ገልብጠሽ የሰፋሽው?»

«ቀስቱን አይቼ ነው የሰፋሁት፣ አለቃ» አለች ልጅቷ።

«ቀስቱን የምትስለው እትዬ ናት። እትዬ ተሳስታ ታውቃለች? ንገሪኛ፣ ታውቃለች?»

ልጅቷ መጥረጊያ ጨርቋን አጣጥፋ መኪናው ላይ አስቀመጠች። «ነገ ጠዋት መጥተሽ ዕቃሽን ትወስጃለሽ» አላት። እትዬ ማከማቻው ውስጥ ጣቃውን እንዳቀፈች ደርቃ ቀረች። አምስት እርምጃ ተራምዳ አንድ ቃል መናገር ብቻ ነበር። አልተራመደችም። የሁለቱም ኮቴ እስኪርቅ ቆይታ፣ ጣቃውን በቦታው አስቀምጣ፣ እንደ ሌባ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ወጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፋይ ጨርቅ ጸጉር አለው፣ እንደ ድመት ጀርባ ማለት ነው። ወደ አንድ ወገን ሲዳስሱት ይተኛል፣ ወደ ሌላው ሲዳስሱት ይቆማል። አንድ ዓይነት ቀይ ሆኖ ሳለ ተገልብጦ ከተሰቀለ ከጎኑ ካሉት ጋር ሲያዩት ጠቁሮ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ቆራጭ በመዳፏ ትዳስሰውና ጸጉሩ በሚተኛበት ወገን፣ በጨርቁ ጀርባ፣ በጠመኔ ቀስት ትስልበታለች፤ ሰፊዋ የቀስቱን ጫፍ ወደ ታች አድርጋ ትሰፋለች፤ በላዩ ገበር ይለብስና ቀስቱን ከዚያ በኋላ የሚያየው የለም። እትዬ የምትቆመው ሁልጊዜ በጠረጴዛው አንድ ጫፍ ስለሆነ፣ ጣቃውም ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ወደ እሷ ስለሚዘረጋ፣ ቀስቱን ምንጊዜም ወደ ራሷ ነው የምትስለው። ከልምድ ብዛት መዳሰሱን ከተወች ቆይታለች። ማክሰኞ ዕለት ዝምታ የአራተኛውን መጋረጃ ጨርቅ በወዲያኛው ጫፍ ይዛላት ሳለ፣ ሦስት እሑድ አከታትላ ከቤተ ክርስቲያን መቅረቷን አነሣችባት። ምክሩ ሞቀ። ሲሞቅ ጊዜ ጠረጴዛውን ዞራ ልጅቷ አጠገብ ሄዳ ቆመች፤ በአንድ እጇ ጣቷን ቀስራ፣ በሌላው ጠመኔውን ይዛ፣ «በዚህ ዓይነት ነፍስሽን ምን ልታደርጊያት ነው?» እያለች ቀስቱን ሳለች። እንደ ሁልጊዜው ወደ ራሷ፤ በዚህኛው ጫፍ ቆማ ግን ያ ማለት ተገልብጦ ነበር።

አውቶቡስ ላይ ስትወጣ ቁርጥ ሐሳብ አድርጋለች። ገብቼ እነግረዋለሁ፤ ቁጭ ሳልል እነግረዋለሁ። አጠገቧ የተቀመጠች ሴት ስለ ታሪፍ ጭማሪ ስታማርር እሷ በሆዷ ቃሉን ታጠናለች፤ ቀስቱን የሳልኩት እኔ ነኝ፣ ቀስቱን የሳልኩት እኔ ነኝ። ለትንሽ ጊዜ ደህና ሄደ። ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ግን አውቶቡሱ ከአንድ ባለ ፎቅ ቤት ፊት ቆመ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የሚከራዩ ሁለት ክፍሎች አሉ። ባለፈው ሳምንት ከእታለም ጋር ሄደው አይተዋቸዋል። አለቃ በወሩ መጀመሪያ ከተማው ማዶ ሌላ የስፌት ቤት ይከፍታል፤ ቁልፉን ለእትዬ እሰጣለሁ ብሏል፣ ከነኃላፊነቱ፣ ከነደመወዙ። እታለም በሕይወቷ የራሷ የምትለው ክፍል ኖሯት አያውቅም። ያን ቀን አንዱ ክፍል ውስጥ ገብታ በሩን ከውስጥ ዘጋችው፤ ዝም ብላ ትንሽ ቆየች፤ ስትወጣ «መስኮቱ ጥሩ ነው» ብቻ አለች። እትዬ ያንን የተዘጋ በር አሰበችና ያጠናችው ቃል ጠፋባት።

እንግዲህ ሰው ሲጨንቀው ሐሳብ ይወልዳል፤ እሷም አንድ ወለደች። ለምን አልለምንላትም? ገብቼ፣ አለቃ፣ ልጅቷ ምስኪን ናት፣ ለእኔ ስትል ማራት ብለው እንቢ አይለኝም። ልጅቷ ሥራዋን አታጣም፣ እኔም ቁልፌን አላጣም፣ ማንም አይጎዳም። ደግሞ ስለ ሌላ ሰው መለመን ጽድቅ አይደለም እንዴ? ሐሳቡ ደስ አላትና ከአውቶቡስ ወርዳ ቶሎ ቶሎ ተራመደች። በሥራ ቤቱ ከኋላዋ «ሳሙና» ነው የሚሏት፣ ያገኘችውን ሁሉ ካላጠብኩ ስለምትል። ታውቃለች። በሆዷ እንዲያውም ደስ ይላት ነበር፤ የጽድቅ ስም አድርጋ ነበር የያዘችው።

አለቃ ቢሮው ውስጥ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አዳመጣትና ራሱን ነቀነቀ። «አንቺ እኮ ሰው አይደለሽም፣ መልአክ ነሽ፣ እትዬ። እኔ የምትሰድቢያት መስሎኝ ነበር፤ ስምሽን ልታጠፋ ነበራ! ቀስቱን አይቼ ነው አለችኝ እኮ፣ አስቢው።»

«ልጅ ናት» አለች እትዬ።

«እሺ፣ ለአንቺ ስል። ግን ሁሉም ባለበት ይቅርታ ትጠይቃለች። እንዲያ ካልሆነ አይሆንም።»

ወጡ። ዝምታ የፕላስቲክ ከረጢቷን ይዛ መኪናዋ አጠገብ ቆማለች። ከረጢቱ ውስጥ ኩባያዋና የቤት ጫማዋ ይታያሉ። መጋረጃዎቹ አራቱም ከአዳራሹ ተመልሰዋል፤ ሦስቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፣ አራተኛው ጠረጴዛው ላይ ተቆልሏል። አለቃ ሁለት ጊዜ አጨበጨበ፤ መኪኖቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። «ስሙ! ይቺን ልጅ ዛሬ ላባርራት ነበር፤ እትዬ ለምናላት ትቻታለሁ። በይ፣ ይቅርታ ጠይቂ። እሷንም አመስግኚ።» ከሰፊዎቹ አንዷ «ወይ እትዬ፣ እግዜር ይስጣት» ብላ በእውነት እንባ አቀረረች። ዝምታ ቀና ብላ እትዬን አየቻት። ያ አስተያየት ጥላቻ ቢኖርበት ይሻል ነበር። ምንም አልነበረበትም፤ ዝናብ እስኪያባራ ጥግ ይዞ እንደሚጠብቅ ሰው ነበር የምታያት። ታውቃለች። ልጅቷ ማክሰኞ ዕለት ጠመኔው ሲዞር አጠገቡ ነበረች፤ ከእሷ በቀር ያየ የለም። ከረጢቷን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና እጇን አጣመረች።

«አለቃ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ተሳስቼ…»

«አልተሳሳተችም!»

በየማለዳው ጎረቤት የሚቀሰቅስ ድምፅ ነበራት፤ አሁን የወጣው ግን ሲሳሳ የሕፃን መሰለ። ሁሉም ዞረ። እትዬ ወደ ጠረጴዛው ሄደች፤ መተርተሪያውን አነሣች፤ የመጋረጃውን ገበር ከጎኑ አንድ ክንድ ያህል ተረተረችው። ክሩ ጠጥ ጠጥ እያለ ተበጠሰ። ገበሩን ገለጠችው። ነጩ ቀስት ከነሙሉ መልኩ ቁጭ ብሏል።

«ና ዳስሰው» አለችው አለቃን። «ጸጉሩ የሚተኛው ወዲያ፣ ቀስቱ የሚያሳየው ወዲህ። የሳልኩት እኔ ነኝ። በቦታዬ ሳልቆም፣ ሳልዳስስ፣ ልጅቷን እየገሠጽኩ ነው የሳልኩት። እሷ ቀስቱን ተከትላ ሰፋች፤ ሥራዋ ነው። ትናንት ማከማቻው ውስጥ ነበርኩ። የተናገርከውን ሁሉ ሰምቼ ዝም አልኩ። ዛሬም ማራት ብዬ የለመንኩህ ለእሷ ብዬ አይደለም፤ ራሴን ልሸሽግ ነው።»

አለቃ ጨርቁን አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ዳሰሰው። ፊቱ ተለዋወጠ። «አንቺን አምኜ ላባርራት እኮ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። ከመጮኹ ይህ ባሰ። «በእኔ ቤት የሁሉም ቃል ከአንቺ ቃል በታች ነበር።» ትንፋሹን ሰብሰብ አድርጎ፣ ማንንም ሳያይ፣ «የአዲሱን ቤት ቁልፍ እርሺው። መጋረጃውን ደግሞ እስከ አስር ሰዓት አስተካክለሽ ስጪኝ፤ ሰውዬውን እንደገና የምለምነው እኔ ነኝ» ብሎ ገባና በሩን በላዩ ዘጋ።

ከዚያ ከካውያው ወዲያ አንዱ ሰፊ፣ አፉን መቆጣጠር የማይችለው፣ «ሳሙናው ዛሬ የራሷ ዓይን ውስጥ ገባ» አለ። ፊት ለፊቷ ስሙን ሲጠሩት ይህ የመጀመሪያው ነው። ሳቅ የጀመረው ሁሉ አፉን ያዘ። እትዬ መነጽሯን አወለቀች፣ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች።

«ይቆጠቁጣል ልጄ» አለችው። «አጥቤያችሁ አላውቅም ነበር ለካ።»

ከዚያ በኋላ ሥራ ነበር። የተገለበጠ ከፋይ ማስተካከል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ከላይ ያለው መሸብሸቢያ ተተርትሮ፣ ከታች ያለው እጥፋት ተፈትቶ፣ ላዩ ታች፣ ታቹም ላይ መሆን አለበት። መርፌ የወጋው ከፋይ ደግሞ ጠባሳው አይጠፋም፤ የድሮው መሸብሸቢያ የወጋጋው ሁሉ አዲሱ እጥፋት ውስጥ ገብቶ መደበቅ አለበት፤ እጥፋቱ የተወው መስመር ከጀርባው በእንፋሎት እየተተነፈሰበት ጸጉሩ በብሩሽ ይነሣል፤ ካውያው ትንሽ ከነካው ግን ጨርቁ ይላጫል፣ አበቃ። ሁለቱ በጠረጴዛው ሁለት ጫፍ ተቀመጡ፤ ዝምታ ከላይ፣ እትዬ ከታች። ምሳ ሰዓት አለፈ። ተርትረው ሲጨርሱ እትዬ አሮጌውን ቀስት በጨርቅ ጠርጋ አጠፋችው፤ ጠመኔውን አነሣች፤ ልትስል ስትል ቆመች። ጠመኔውን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አድርጋ ወደ ልጅቷ አሳለፈችው።

«አንቺ ዳስሰሽ ሳዪው። እኔ ከአንቺ በኋላ ዳስሼ አረጋግጣለሁ።»

ልጅቷ ዳሰሰች፤ ሁለት ጊዜ፤ ሳለች። እትዬ ዳሰሰች። ልክ ነው። መስፋት ጀመሩ። ዝምታ ክር ልታስገባ ስታቆም ፈራ ተባ እያለች «ዛሬ አይመክሩኝም እንዴ?» አለቻት። ፌዝ ይሁን እውነት አይታወቅም ነበር።

እትዬ ቀና አለች። ብዙ የምትለው ነበራት፤ አስራ አንድ ዓመት ያጠራቀመችው ምክር አፏ ላይ ተሰልፎ ነበር። ዋጠችው። «ትናንት ለምን ‹የሳለችው እትዬ ናት› አላልሽም?» አለች በምትኩ።

«ብልስ ማን ያምነኛል፣ እትዬ? እርስዎ ጻድቅ ነዎት። እኔ ሦስት እሑድ የቀረሁ ነኝ።»

የገዛ ቅድስናዋ የሌላ ሰው አፍ ሲያስይዝ እትዬን እንዲህ ዓይን ለዓይን ገጥሟት አያውቅም። ጨርቁን አስቀምጣ፣ «ለምን ነበር የቀረሽው?» አለች።

«እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል። ከአልጋ አትወርድም። በሥራ ቀን ጎረቤት አለችልኝ፤ እሑድ እሑድ እሷም ወደ ልጆቿ ትሄዳለች። ማን ያገላብጥልኛል?»

«ምነው ታዲያ ሳትነግሪኝ?»

«መቼ ጠየቁኝ?»

ይህን ስትል ድምፅዋ ላይ ቅሬታ አልነበረም። ክሩን በጥርሷ በጥሳ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አራተኛው መጋረጃ አልቆ ከሦስቱ ጎን ተንጠለጠለ። አንድ ዓይነት ቀይ ሆነው አራቱም ሲወርዱ አለቃ ከበሩ ላይ አየ፣ ደህና ነው አለ፣ ገባ። ዝምታ ከረጢቷን ፈትታ ኩባያዋን ወደ መደርደሪያው መለሰች። እትዬ ተከትላት ሄደች።

«እሑድ ጠዋት እኔ እናትሽ ጋ እቀመጣለሁ። አንቺ ቤተ ክርስቲያን ሂጂ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ እዚያ ነኝ።»

ልጅቷ አላመነቻትም፤ ቤቱን ግን በደንብ አመለከተቻት።

እቤት ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እታለም መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። እትዬ ኮቷን ሳታወልቅ ሁሉንም ነገረቻት፤ ቀስቱን፣ ማከማቻውን፣ ልመናውን፣ ገበሩ ሲተረተር፣ ቁልፉ ሲቀር። አላሳጠረችም፣ አላስዋበችም። የድንቹ ልጣጭ እየተጠቀለለ ወደ ሳህኑ ይወርዳል። ስትጨርስ ታላቂቱ ሌላ ድንች አነሣች። እትዬ ዛሬ በጸሎትም በምክርም አላቋረጠቻትም፤ ቆማ ጠበቀች።

«ሁለቱ ክፍል ቀረ በይኛ» አለች እታለም በመጨረሻ።

«ቀረ። ይቅር በይኝ፣ እታለም። በሩን ዘግተሽ ውስጥ እንደቆየሽ አውቃለሁ።»

ቢላዋው ትንሽ ቆመና ቀጠለ። «መጋረጃውን ለምጄዋለሁ።»

«ሌላም አለ። በየጠዋቱ ስምሽን የማነሣው…» አለችና ተወችው። «ከነገ ጀምሮ የራሴን ነው የማነሣው። እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም።»

ቢላዋው ሳህኑ ውስጥ ወደቀ። «ማን? አንቺ?»

ስለ ልጅቷ እናት ነገረቻት። እታለም እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ዳሌዋ የተሰበረ ሴት ብቻሽን ልታገላብጪ? በዚህ ወገብሽ? አብራችሁ ልትወድቁ ነው እኮ!»

«እንደምንም አደርጋለሁ።»

«እንደምንም!» አለች እታለም፣ ድንቹን እንደገና አንሥታ። ግማሹን ላጠችው። ከዚያ ቀና ሳትል፣ «አስራ አንድ ዓመት ሳልለምንሽ ስትቀሰቅሺኝ ኖረሻል። እሑድ ግን እኔው ለምኜሻለሁ፤ ስትነሺ ቀስቅሺኝ። እግሯን እኔ እይዛለሁ» አለች።

እትዬ ኮቷን አወለቀች። ከመሳቢያው ሌላ ቢላዋ አወጣች፣ ወንበሯን ከመጋረጃው ወዲያ አሻግራ አጠገቧ ተቀመጠች፣ አንድ ድንች አነሣች።